የብዙኃን ዓይን በወባ ምርመራ

አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ የታማሚን ደም ከወባ ነፃ ነው ብሎ ከመወሰኑ በፊት በማይክሮስኮፕ ቢያንስ 100 የዕይታ መስኮችን መመርመር ይጠበቅበታል። ሥራው ጊዜን፣ ትዕግሥትንና የሠለጠነ ዓይንን ይጠይቃል። ታማሚ በሚበዛበት ወቅት ግን ዓይን ይደክማል፤ የደከመ ዓይንም ይሳሳታል።

ለዚህ ችግር የማድሪድ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያልተለመደ መላ ዘይደዋል። «ማላሪያስፖት» የተሰኘው የኢንተርኔት ጨዋታቸው የደም ናሙና ምስል ያቀርባል፤ ተጫዋቹም በአንድ ደቂቃ ውስጥ የወባ ተሕዋስያንን ከነጭ የደም ሕዋሳት እየለየ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጥናታቸው መሠረት፣ በአንድ ወር ብቻ ከ95 አገሮች የተሳተፉ ሰዎች ከ12,000 ጊዜ በላይ ተጫውተዋል። የአንዱ ተጫዋች ፍርድ ብቻውን አያስተማምንም፤ ሙያው የሌላቸው ሰዎች የተጫወቱት የ22 ጨዋታ ውጤት ሲጣመር ግን የቆጠራው ትክክለኛነት ከ99 በመቶ በላይ ሆኗል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ ነው።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2007፣ ግብፅ ደግሞ በ2024 ከወባ ነፃ መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላቸዋል። በአንጻሩ ብዙዎቻችን ቤተሰብ ባለን በኢትዮጵያ፣ በዚያው በ2024 እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚዎችና 1,157 ሟቾች ተመዝግበዋል።

ይሁን እንጂ ተስፋው ልክ ሊበጅለት ይገባል። በአግባቡ ያልተዘጋጀና ያልቀለመ የደም ናሙና በሺህ ዓይን ቢታይ አይጠራም። ካሜራ፣ መብራትና ኔትወርክ በሌለበት ጤና ጣቢያ ምስሉ ከቶ አይነሣም። የታማሚው ማንነትም ከምስሉ ጋር ለአደባባይ መውጣት የለበትም። ስለዚህ ጨዋታው የሚጠቅመው ተማሪዎችን ለማለማመድ፣ የባለሙያውን ንባብ ዳግም ለማመሳከርና ምስልን በራሳቸው የሚለዩ ኮምፒዩተሮችን ለማስተማር ነው። የመጨረሻው ውሳኔ ግን በባለሙያው እጅ ይቆይ።

በመሆኑም መንግሥታትና ለጋሾች ለስልኩ ጨዋታ የሚሰጡትን ትኩረት ለማይክሮስኮፑና ለባለሙያው ሊነፍጉ አይገባም። ከቆላማው አገር ተመልሶ ትኩሳት የተሰማው ወገናችንም መልሱን ከስልኩ አይጠብቅ፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ፣ ከየት እንደመጣም ይንገር። በጎ ፈቃደኞች ዓይናቸውን ሊያውሱት ይችላሉ፤ ደሙን ለምርመራ የሚሰጠው ግን እርሱ ራሱ ነው።