በንጹሕ ውኃ የተራበ እንስሳ

ኮራል ቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች ሲገናኙ የሚፎካከሩበት አንድ ቁጥር አለ፤ ዜሮ። ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ። በተለይ አክሮፖራን የመሰሉ ስስ ድንጋያማ ኮራሎችን የያዘ ሰው፣ ውኃው ከሁለቱ ካልጸዳ ገና ጀማሪ ነው ይባላል። የአዋቂዎቹ ምክር፣ ሱቁ የሚያቀርበው ማጣሪያ፣ የመመርመሪያው የቀለም ሠንጠረዥ ሳይቀር ወደዚያው ይገፋዋል። ኮራሉ ቀስ በቀስ ሲገረጣ፣ ከዚያም ከሥሩ ጀምሮ ሥጋው እየተላጠ ነጭ አጽሙ ሲወጣ፣ ጥርጣሬው ወደ በሽታ፣ ወደ ጥገኛ ትል፣ ወደ መብራቱ ይዞራል። ውኃው አይጠረጠርም፤ ንጹሕ ነዋ! እኔ ግን ብዙዎቹ የሚሞቱት በረሃብ ነው ባይ ነኝ፤ አስራቢውም ይኸው የንጽሕና አባዜ ነው።

እርግጥ እምነቱ ከሰማይ አልወረደም። በድሮው የቤት አኳሪየም ውኃው በዓሣ እዳሪ፣ ከእሱም በሚወጣው ናይትሬትና ፎስፌት፣ የጠገበ ስለነበር ድንጋያማ ኮራል ብዙ አይቆይም ነበር። ፒተር ቪልኬንስ ያስተዋወቀውን የኖራ ውኃ የበርሊን አሳዳጊዎች ከባሕር ከመጣ ሕያው ድንጋይና ቆሻሻን በአረፋ ጠርጎ ከሚያወጣው ስኪመር ጋር አዋሐዱት፤ አክሮፖራም ሳሎን ውስጥ ማደግ ጀመረ። ፎስፌት ሲበዛ ኮራሉ አጽሙን የሚሠራበት የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል እንዳይገነባ ማወኩም እውነት ነው። ስለዚህ «ቀንስ» የሚለው ምክር በጊዜው ትክክል ነበር። ጥፋቱ የመጣው «ቀንስ» የነበረው ምክር «አጥፋ» ሲሆን ነው።

የዜሮ ተሟጋቾች ዋና ምስክር ባሕሩ ነው። በኮራል ሪፍ ላይ ያለው ውኃ ሲለካ ናይትሬቱም ፎስፌቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ልኬቱ ልክ ነው፤ ስሕተቱ ያለው ከልኬቱ በሚያወጡት መደምደሚያ ላይ ነው። ልጆች የሞሉበት ቤት ከምሳ በኋላ ሞሰቡ ባዶ ነው፤ እንጀራ ያልተጋገረበት ቤት ሞሰብም ባዶ ነው። መመርመሪያው የሚያየው ሞሰቡን ብቻ ነው። በሪፍ ላይ ሞገዱ ቀን ከሌት ፕላንክተን ያመላልሳል፤ ስፍር ቁጥር የሌለው ዓሣ በኮራሉ ቅርንጫፎች መካከል ይበላል፣ እዚያው ይጸዳዳል፤ የመጣው ሁሉ ወዲያው ይነጠቃል። ቁጥሩ ያነሰው ስለተበላ ነው። ሦስት ዓሣዎች በቀን አንዴ ቁንጥር የምታህል ምግብ በሚቀምሱበት፣ ያችንም ስኪመሩ ጠርጎ በሚያወጣበት የ300 ሊትር መስታወት ውስጥ ያለው ዜሮ ግን ምግቡ መጀመሪያውኑ አልመጣም ማለት ነው።

ባሕሩን ምስክር ከጠሩት ደግሞ እስከ መጨረሻው ይስሙት። በ1983 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የካሪቢያን ጥናት፣ ቀን ቀን የዓሣ መንጋ የሚያርፍባቸው ኮራሎች መንጋ ከሌለባቸው ይልቅ ፈጥነው እንደሚያድጉ አሳይቷል። ዓሣዎቹ ሌሊት ራቅ ብለው ሲመገቡ ያድራሉ፤ ሲነጋ ተመልሰው የበሉትን በኮራሉ ላይ ያራግፋሉ። ከዚህ የባሰ አለ። በሕንድ ውቅያኖስ በቻጎስ ደሴቶች አንዳንዶቹ በመርከብ የገባ አይጥ የባሕር ወፎቻቸውን ጨርሶባቸዋል፤ ሌሎቹ ግን ዛሬም በወፍ እንደተሞሉ ናቸው። ወፍ በበዛባቸው ደሴቶች ዙሪያ ኩሱ በዝናብ ታጥቦ ባሕር ይገባል፤ እዚያ ያለው አክሮፖራ አይጥ ከወረራቸው ደሴቶች አክሮፖራ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። አክሮፖራ! ያ ቅንጣት ፎስፌት ይገድለዋል ተብሎ የሚፈራለት ለስላሳ ፍጡር በወፍ ኩስ ይወፍራል።

ተሟጋቹ እዚህ ላይ «ኮራል ምግቡን የሚያገኘው ከብርሃን ነው» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ዙዛንቴሌ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ዋቅላሚዎች በብርሃን የሠሩትን ያካፍሉታል፤ የዕለት ጉልበቱ አብዛኛው ከዚያ ይመጣል። የሚያካፍሉት ግን በዋናነት ስኳርና ስብ ነው። ያለ ናይትሮጅን ፕሮቲን፣ ያለ ፎስፎረስ የሕዋስ ሽፋንም ሆነ ዲኤንኤ አይሠራም። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲው ዮርግ ቪደንማንና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ናይትሬት እያለው ፎስፌት የጎደለው ኮራል ሙቀትና ብርሃን ሲበረታበት በቀላሉ ይነጣል። እንግዲህ ፎስፌትን ብቻ የሚመጥ የብረት ኦክሳይድ ፍርፍር አኳሪየሙ ውስጥ ጨምሮ የተኛ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ያስብበት። ያው ቡድን በ2023 ኔቸር ላይ ያወጣው ግኝት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ ኮራሉ ዙዛንቴሌዎቹን ራሳቸውን እያረባ ይበላቸዋል። በውኃው ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ወደ እንስሳው ሥጋ የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። ውኃው ሲራቆት ዋቅላሚው አይባዛም፤ ዋቅላሚው ካልተባዛ የሚበላ የለም። መብራት መጨመር ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ዜሮ ለምን አልተሻረም? እኔ እንደማየው ዋናው ምክንያት ውበት ነው። ዙዛንቴሌ ቀለሙ ቡናማ ነው፤ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው የኮራሉ የራሱ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ጎልቶ ይወጣል፣ በሰማያዊ መብራት ሥር ደግሞ ያበራል። ፎቶግራፉ ያምራል፣ ቁራጩም በውድ ይሸጣል። ነገር ግን ኮራል ሲነጣ አንዳንዴ ከመሞቱ በፊት እንዲህ ደምቆ እንደሚታይ የታወቀ ነው፤ ዋቅላሚው ሲቀንስ በሥጋው ውስጥ የሚነጥረው ብርሃን ስለሚበዛ እንስሳው መከላከያ ቀለም ያመርታል። የፈዘዘ ሮዝ ሁሉ የጣር ምልክት ነው አልልም። የጤና ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ግን ድፍረት ነው።

ንጽሕናው የሚመጣበት መንገድም የራሱ ጣጣ አለው። አንዳንዱ ባክቴሪያ እንዲበዛና ናይትሬቱን እንዲበላ ብሎ ውኃው ላይ ቮድካ ያንጠባጥባል (አዎ፣ ያው የሚጠጣው ቮድካ)። ቁጥሮቹ ዜሮ ሲደርሱና ሌላው ዋቅላሚ ሲጠፋ ባዶውን ቦታ ዲኖፍላጀሌት ይይዘዋል፤ አረፋ ያዘለ ቡናማ ልጋግ አሸዋውንም ድንጋዩንም ያለብሳል። አንዳንዱ ዝርያ መርዛም ስለሆነ ቀንድ አውጣዎቹን ይጨርሳል። አልካሊኒቲው፣ ማለትም ኮራሉ አጽሙን የሚሠራበት የውኃው የካርቦኔት መጠን፣ ሌላው ጣጣ ነው። በተፈጥሮ ባሕር ውስጥ 7 ዲኬኤች ገደማ ነው፤ ብዙ የጨው ድብልቆች ግን ከ10 በላይ አድርገው ይመጣሉ። የተራበ አክሮፖራ በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ሲቃጠል ብዙ አሳዳጊዎች አይተዋል። ይህን አይቶም «ፎስፌቴ አሁንም ከፍ ያለ ይሆናል» የሚል አይጠፋም።

የቀረው ፍርሃት ሣር መሰሉ ዋቅላሚ፣ አልጌ፣ ነው፤ ፎስፌት ካለ አኳሪየሙ ሣር ይለብሳል የሚለው። በጃማይካ የሆነውን እናስታውስ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከባሕሩ ወለል ግማሽ ያህሉን ይሸፍን የነበረው ኮራል፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ 5 ከመቶ እንኳ አልሞላም፤ ቦታውን አልጌ ወሰደው። ሣር የሚግጡት ዓሣዎች አስቀድመው በአጥማጆች ተመናምነው ነበር፤ በ1980 አውሎ ነፋስ ኮራሉን ሰባበረው፤ በ1983 እና 1984 ደግሞ የቀረው ግጦኛ፣ ዲያዴማ የተባለው ረጅም እሾህ ያለው የባሕር እንስሳ፣ በወረርሽኝ አለቀ። ሪፉን አልጌ ያለበሰው በዋናነት የሚግጥ መጥፋቱ ነው። በቤት አኳሪየምም አንድ ታንግ ዓሣና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች የሚሠሩትን ሥራ የብረት ፍርፍሩ አይሠራውም።

እኔ ብጠየቅ ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ቢሆን ምንም አያስደነግጠኝም፤ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ አልካሊኒቲው ዛሬ 7 ነገ 9 ሲሆን ነው። ሻጮቹም ይህን ሳይገባቸው አልቀረም። ፎስፌት ማስወገጃው በተደረደረበት መደርደሪያ ላይ ዛሬ ናይትሬትና ፎስፌት በጠርሙስ ታሽገው ይሸጣሉ፤ ደንበኛው በአንዱ ያወጣውን በሌላው ይመልሳል፣ ለሁለቱም ይከፍላል። የዓሣ ምግቡ እዚያው ታች መደርደሪያ ላይ ነው፤ ከሁለቱም ይረክሳል።