ክትባትን ከረቂቅ አልጌ የማምረት ጥረት፦ ተስፋውና ገደቡ

ኢንሱሊንን የመሰሉ የፕሮቲን መድኃኒቶችና በርካታ ክትባቶች በባክቴሪያ፣ በእርሾ ወይም በእንስሳት ሕዋሳት አማካይነት ይመረታሉ። ሥራው ከፍተኛ መዋዕለ ንዋይና ጥብቅ የንጽሕና ሥርዓት ስለሚጠይቅ የማምረት አቅሙ በጥቂት አገሮች ተወስኖ ቆይቷል። የአፍሪካ ኅብረት አህጉሪቱ ከሚያስፈልጋት ክትባት 60 በመቶውን እስከ 2040 እ.ኤ.አ. በራሷ እንድታመርት ግብ ያስቀመጠውም ይህን ጥገኝነት ለማቃለል ነው። ወጪን ለመቀነስ በጥናት ላይ ካሉ አማራጮች አንዱ ረቂቅ አልጌ ነው።

ረቂቅ አልጌ የኩሬና የሐይቅ ውኃን አረንጓዴ የሚያስመስል፣ ለማደግ ብርሃን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ጥቂት ማዕድናት የሚበቁት ደቃቅ ፍጡር ነው። በስፋት የተጠናው ክላሚዶሞናስ የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ዝርያ ሲሆን፣ ብርሃንን ለምግብ ዝግጅት በሚጠቀምበት ክሎሮፕላስት በተባለ ክፍሉ ላይ የዘረመል ለውጥ ማድረግ የተቻለው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ አልጌው የተፈለገውን ፕሮቲን እንዲያመርት ማድረግ ተችሏል።

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ወባ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች፣ የወባ ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ሳለ በላዩ ላይ የሚገኘውን ፕሮቲን በክላሚዶሞናስ አምርተው ውጤቱን በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርገዋል። ፕሮቲኑን በተወጉ አይጦች የተመረተው ፀረ እንግዳ አካል ተውሳኩ በትንኝ ውስጥ እንዳያድግ አግዷል። እንዲህ ያለው ክትባት ዓላማው የተከተበውን ሰው ከሕመም መጠበቅ ሳይሆን፣ በሽታው ከእርሱ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ማድረግ ነው። ጥቅሙ የሚገኘው ብዙ ሕዝብ ሲከተብ በመሆኑ የዋጋው መርከስ ወሳኝ ነው።

ይሁንና የቤተ ሙከራ ውጤት ገና ክትባት አይደለም። ያንኑ ፕሮቲን ከሌላ ፕሮቲን ጋር አጣምሮ የያዘ የደረቀ አልጌ ለአይጦች በአፍ በተሰጠበት ቀጣይ ሙከራ፣ ስርጭቱን ለመግታት በደም ውስጥ የሚያስፈልገው ፀረ እንግዳ አካል አልተገኘም። አልጌው የሚሰጠው የፕሮቲን መጠንም ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው። አልጌን ማሳደግ ርካሽ ቢሆንም ፕሮቲኑን የማጣራትና ደኅንነቱን በሰዎች ላይ የማረጋገጥ ወጪ አይቀሬ ነው።

ይህ ልዩነት ለተገልጋዩ ኅብረተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው። በቢሾፍቱ አካባቢ በሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ በተፈጥሮ የሚበቅለውና በገበያ በዱቄትና በእንክብል የሚቀርበው ስፒሩሊና የምግብ ማሟያ እንጂ ክትባትም ሆነ የወባ መድኃኒት አይደለም። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒትና ክትባት ለገበያ የሚቀርበው ተገምግሞ ሲመዘገብ ነው። በመሆኑም ማንኛውም ሰው ፈውስ ይሰጣል የተባለ የአልጌ ምርት ሲቀርብለት አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል። ትኩሳት የተሰማው ሰውም ሳይውል ሳያድር በጤና ተቋም መመርመር፣ ቤተሰቡም በአጎበር መጠቀም ይገባዋል። የአልጌው ጥናት ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ ሕይወትን የሚያድኑት እነዚህ በእጅ ያሉ አገልግሎቶች ናቸው።