ከፈረስ ጉልበት በፊት ፍሬን

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ የመኪና ውድድር ሜዳዎች ውድድር በሌለባቸው ቀናት በራቸውን ለተራው አሽከርካሪ ይከፍታሉ። ባለመኪናው ክፍያውን ከፍሎ፣ የደኅንነት መመሪያውን ሰምቶ፣ የራሱን መኪና በሕዝብ መንገድ በማይፈቀድ ፍጥነት ይነዳል። ዋንጫም ተሸላሚም የለም። ለእንዲህ ያለው ቀን ከሚመረጡት መካከል እንደ ሎተስ ኤሊዝና እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያሉ ቀላል ስፖርት መኪኖች ግንባር ቀደም ናቸው። ከእነዚህ አንዷን የገዛ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ሞተሯ ላይ ስንት የፈረስ ጉልበት ልጨምር?

ይህ ጥያቄ ተራውን ሳይጠብቅ የመጣ ይመስለኛል። ቀላል መኪና ለትራክ ተሻሻለች የሚባለው ያላትን ችሎታ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ሳታጓድል መስጠት ስትችል ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በቅድሚያ ለፍሬን፣ ለዘይት፣ ለማቀዝቀዣና ለፍተሻ መዋል አለበት። እንዲህ ባለች መኪና ላይ ጥገናና ማሻሻያ ተለያይተው አይታዩም፤ ጥገናው ራሱ የማሻሻያው ትልቁ ክፍል ነው።

ኤሊዝን እንያት። እንግሊዝ ውስጥ፣ ኖርፎክ አውራጃ፣ ሄትል በተባለው የቀድሞ ወታደራዊ አየር ማረፊያ ላይ ባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 መመረት ጀመረች። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ከሞተ ያኔ 14 ዓመት ቢያልፍም፣ ክብደትን እንደ ጠላት የማየት እምነቱ በመኪናዋ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሻንሲዋ በሙጫ ከተያያዙ የአሉሚኒየም ቁራጮች የተሠራ ሲሆን የሚመዝነው 68 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። መላ ክብደቷ 725 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ከኋላ የተቀመጠው 1.8 ሊትር የሮቨር ሞተር 118 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ሆኖም በጠማማ ሜዳ ላይ እጥፍ ጉልበት ያላቸውን መኪኖች ትፈታተን ነበር።

ምስጢሩ በስሌት ይታያል። ኤሊዝ ከነአሽከርካሪዋ 800 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር ወደ 72 ስትወርድ ፍሬኖቿ 840 ኪሎ ጁል ሙቀት ይሸከማሉ። ይህ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያደርስ ሙቀት ነው፤ የሚፈጠረውም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ዙር ደጋግሞ ነው። 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በተመሳሳይ ቦታ እጥፉን ይሸከማል። አሁን ኤሊዝ ላይ ጉልበት ጨምረን እዚያው ቦታ በ180 ፈንታ በ200 ትድረስ። ፍጥነቱ የጨመረው በ11 በመቶ ሲሆን የፍሬኑ ሙቀት ግን በ28 በመቶ ገደማ ያድጋል። በሞተሩ ላይ ለተጨመረው ጉልበት ዕዳውን የሚከፍለው ፍሬኑ ነው።

የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 4 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያዛል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛው ልክ 155 ዲግሪ ነው። ለከተማ መንገድ ይህ ይበቃ ይሆናል። ትራክ ላይ ግን የጋለው ዘይት ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል። አራተኛው ወይም አምስተኛው ዙር ላይ ፔዳሉ ይላላል፣ ከዚያም ወደ ወለሉ ይወርዳል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ከቀኑ በፊት ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መቀየር፣ በአራቱም ጎማ በኩል አየሩን ማስወጣት፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ መግጠም ነው። በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ የሚወርደው ቡናማ ዘይት ጠርቶ እስኪመጣና አረፋው እስኪያቆም ድረስ መታገስ ከማንኛውም የሞተር ኪት የበለጠ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ምክንያት ማሻሻያ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በኤሊዝ ላይ የተገጠመውን ባለ 190 የፈረስ ጉልበት የቶዮታ ሞተር እንውሰድ። ባለቤቱ መሬት የሚቆነጥጥ የትራክ ጎማ ይገጥማል፤ መኪናዋም ረጅሙን ጠማማ ከቀድሞው በበለጠ ፍጥነት ትዞራለች። በኮፓው ውስጥ ያለው የሞተር ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ፓምፑ ለቅጽበት አየር ይስባል፤ የዘይት ግፊቱ ይወድቃል፤ በሺዎች በሚቆጠር ዙር የሚሽከረከረው ክራንክ ያለ ዘይት ይፋተጋል። ጥፋቱ በጎማ ተጀምሮ በሞተር ያልቃል። እዚህ ጋ የሚያስፈልገው ዘይቱ እንዳይሸሽ የሚገድቡ ግድግዳዎች ያሉት ኮፓ ነው። ከዚያ በፊት ግን የዘይቱ መጠን ከላይኛው ምልክት እንዳይርቅ በየማቆሚያው መለካት ግድ ነው።

ያው ጎማ የኋላውን እግርም ያስጨንቃል። በኤሊዝ ላይ የኋላ ጎማን አቅጣጫ የሚይዝ አንድ ቀጭን ዘንግ አለ። በከባድ የትራክ አገልግሎት የዘንጉ የውስጠኛው ጫፍ መገጣጠሚያ ሊያልቅና ሊሰበር እንደሚችል ባለቤቶቹ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከተሰበረ የኋላው ጎማ ራሱን ችሎ ይታጠፋል፤ አሽከርካሪው የሚያደርገው ነገር አይኖርም። ስለዚህ የትራክ ጎማ የሚገጥም ሰው በዚያው ቀን ይህንንም በሁለት ወገን በተደገፈ መገጣጠሚያ ሊቀይረው ይገባል።

ማቀዝቀዣውም የራሱ ጠባይ አለው። የቀድሞዎቹ ኤሊዞች ራዲያተር ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ውሃው ረጅም መንገድ ይጓዛል። በዚያ ላይ የሮቨሩ ሞተር የሚይዘው ውሃ ጥቂት ነው፤ ቴርሞስታቱም ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ነው። የጋለው ሞተር ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲደርሰው የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ይጎዳል። መጠነኛ የውሃ መቀነስን ቸል ያለ ሰው ቴስታታውን ያጣል። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ አለመጨከን፣ ከፍጥነቱ በኋላ አንድ ዙር በዝግታ ነድቶ ሙቀቱን ማስወጣት፣ ሲቆሙ የእጅ ፍሬን አለመሳብ፣ እነዚህ ሁሉ ምንም የማያስወጡ ማሻሻያዎች ናቸው።

ክብደት መቀነስም ቢሆን ልክ አለው። የመጀመሪያዎቹ ኤሊዞች የፍሬን ዲስክ በሴራሚክ ቅንጣት ከተጠናከረ አሉሚኒየም የተሠራ እጅግ ቀላል ዲስክ ነበር፤ ሎተስ ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ ብረት ዲስክ ተመለሰ። ወንበር፣ ባትሪና ቸርኬ ማቅለል ጥሩ ነው። ከአሽከርካሪው ጀርባ ያለውን የብረት ቅስት ወይም የመቀመጫ ቀበቶን የሚነካ ቁጠባ ግን ቁጠባ አይባልም።

ተቃራኒው ሐሳብም ሊሰማ ይገባዋል። ቀጥ ያለ ረጅም መንገድ ባለበት ሜዳ ጉልበት በእርግጥ ሰዓት ይቆርጣል፤ ደስታውም እውነተኛ ነው። እኔም ጉልበት ክልክል ነው አልልም፤ ተራውን ይጠብቅ ነው የምለው። ሞተሩ ላይ የአየር መጭመቂያ ሲገጠም ክብደት ይጨምራል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ይጨነቃሉ። ሁሉንም ለመቋቋም ትልቅ ዲስክ፣ ትልቅ ራዲያተር፣ ሰፊ ጎማ ሲከተል መኪናዋን የተወደደች ያደረጋት ቅለት ቀስ በቀስ ያልቃል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ አዲስ የፍሬን ዘይትና ሸራ፣ ከዚያ የእግሮቹ መገጣጠሚያዎችና ኩሽኔታዎች ፍተሻ፣ ከዚያ ዘይትና ውሃ፣ ቀጥሎ ጎማ፣ ከእርሱም ጋር ጎማው የሚያስከትለው ሁሉ። በእያንዳንዱ ቆይታ መካከል የጎማ ብሎን በቶርክ ቁልፍ ማጥበቅ፣ የጎማውን ንፋስ ትኩስ ሳለ ለክቶ ትርፉን ማስተንፈስ፣ ከሥር ጎንበስ ብሎ የሚንጠባጠብ ነገር መፈለግ ነው። የተረፈው ገንዘብ ለአሠልጣኝ ይከፈል፤ የአሽከርካሪው ችሎታ ምንም ኪሎ አይጨምርምና። ይህን ሁሉ አሟልታ ሙሉ ቀን የሠራች፣ ማታም ባለቤቷን በራሷ ጎማ ወደ ቤቱ የምትመልስ ባለ 118 የፈረስ ጉልበት መኪና፣ በሦስተኛው ዙር ተጎትታ ከምትወጣ ባለ 250 ትበልጣለች። ጉልበት የሚጨመረው ለእንደዚህ ያለችው መኪና ብቻ ነው።