ሰዋስው ብቻውን አያግባባም

ከእኛ መካከል እንግሊዝኛ ያልተማረ የለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል አንሥቶ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ይኽን ያህል ዘመን ከቋንቋው ጋር ኖረን፥ ከአንድ የውጭ አገር ሰው ፊት ስንቆም የማንግባባው ስለ ምንድን ነው? ብዙዎች ሰዋስው ስላልበረታን ነው ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

በራሴ የደረሰውን ልናገር። ባለፈው ዓመት አንድ የውጭ አገር መምህር ለነፃ ትምህርት ዕድል የድጋፍ ደብዳቤ እንዲሰጡኝ በጽሑፍ ለመንኳቸው። በአማርኛ «ደብዳቤ ይጻፉልኝ» የምለውን ቃል በቃል መልሼ «ራይት ሚ ኤ ሌተር» ብዬ ላክሁ። ሰዋስው አልጎደለውም። መልስ ግን ሳይመጣ የማመልከቻው ቀን አለፈ። እኔም «ናቁኝ» ብዬ ተቀየምኩ። ኋላ ፊት ለፊት ስንነጋገር፥ ለካ እርሳቸውም ልመናዬን እንደ ትእዛዝ ቆጥረውት ተቀይመውኝ ኖሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። በአማርኛ አክብሮት የሚገኘው በግሡ ውስጥ ነው፤ «ጻፍልኝ» እና «ይጻፉልኝ» እጅግ ይራራቃሉ። በእንግሊዝኛ ግን ለታላቅም ለታናሽም ያለው አንድ «ዩ» ብቻ ስለሆነ ልመና የሚለዝበው በጥያቄ መልክ ሲቀርብ ነው፤ «ኩድ ዩ» ይባላል። እኔ «ኩድ»ን የተማርኩት የ«ካን» ኃላፊ ጊዜ ነው ተብሎ ብቻ ነው። እንደዚሁም በታላቅ ፊት ዐይንን ሰበር ማድረግ እኛ ዘንድ ጨዋነት ሲሆን፥ ሌላው እውነት የምንደብቅ ሊመስለው ይችላል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» ስንልም እንግዳው የደነገጥን ይመስለዋል።

«ይኽማ ፈረንጅ ሁኑ ማለት ነው» የሚሉ አይጠፉም። አይደለም። የእንግሊዙ ምሁር ማይክል ባይራም በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የቋንቋ ተማሪ ዓላማው የቋንቋውን ተወላጅ መምሰል ሳይሆን በሁለት ባህሎች መካከል ቆሞ ሁለቱንም መረዳት መሆኑን አስረድተዋል። ዐይኑን የሚሰብር ይስበር፤ ነገር ግን ሌላው እንዴት እንደሚያየው ይወቅ። ደግሞም እንግሊዝኛ የእንግሊዝና የአሜሪካ ብቻ አይደለም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በአዲስ አበባ ነው፤ ዛሬም የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ይህችው ከተማ ናት። ከኬንያዊውና ከናይጄሪያዊው ጋር የምንነጋገረው በዚሁ ቋንቋ ሲሆን፥ እነርሱም የየራሳቸው ወግ አላቸው።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። መምህሩ አንዱን ልመና ለጓደኛ፥ ለመምህርና ለማናውቀው መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ያጽፈን። ልመናው በኦሮምኛ፥ በትግርኛ፥ በሶማልኛ እንዴት እንደሚባል ቋንቋውን የሚያውቁ ተማሪዎች ለክፍሉ ያስረዱ። በአንድ ዶርም እየኖርን የአንዳችንን ወግ ሌላችን የማናውቅ ብዙዎች ነንና፥ ትምህርቱ ለእርስ በርሳችንም ይበጃል። ክፍሉ ጠባብ፥ ተማሪው ብዙ ቢሆንም ሁለት ሁለት ሆኖ መነጋገር ይቻላል። ፈተናውም ይኽንኑ ይጠይቅ፤ የማይፈተን ነገር እንደማይጠና ሁላችንም እናውቃለንና።

የተማሪዎች ኅብረታችን ጉዳዩን ለእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል እንዲያቀርብልን እጠይቃለሁ። የእኔ ደብዳቤ ቀርቷል። ከኋላችን የሚመጡት ግን እንደ እኔ ሰዋስው ሳይሳሳቱ ሰው ከማስቀየም ይዳኑ።

ከአንድ የ3ኛ ዓመት ተማሪ