ዶክመንተሪ ልሥራ ያለ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ደውለውልኝ ነበር። ልጃቸው አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ “ትቼ ፊልም ልማር” ብሏል። ድራማ ቢሆን እንኳ እሺ ነበር አሉኝ፤ እሱ የሚለው ግን ዶክመንተሪ ነው። “በዚህ እንጀራ ይበላል ወይ?” ሲሉ ጠየቁኝ።

ትንሽ ቆይተው ደግሞ ዋናውን ነገር አወጡት። ልጁ ካሜራ ይዞ አያቱ ቤት ይሄድና ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለው ፎቶ ይጠይቃቸዋል። ፎቶው የአጎቱ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ የቀረ ልጅ። አያት የቀረበውን ቡና ትተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሁለት ቀን ሙሉ የልጅ ልጃቸውን አላናገሩትም።

ለሁለቱም ጥያቄ የመጡልኝ ሰው ፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያ ናቸው። የእኝህ ሴት ስም እንደ ኃይሌ ገሪማ በየቤቱ አልገባም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ከአብዮቱ በፊት ወደ አሜሪካ ሄደው፣ ኋላ ቦስተን ባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን “ኖቫ” በተባለው የሳይንስ ፕሮግራም ለዓመታት ሠሩ። እጃቸውን ያፍታቱት በሌላ ሰው ፕሮግራም ላይ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የራሳቸውን ፊልሞች መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጥቁር አሜሪካዊቷን ደራሲ ዶረቲ ዌስትን የሚያሳየው ፊልማቸውና ሱዳን ስለተሰደዱ የአገራችን ሴቶች የሚናገረው “ስደት” ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ “የወንዝ ማዕበል” መጣ።

እንጀራውስ? ማሳቹሴትስ ውስጥ ዌልስሊ በሚባል የሴቶች ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት ፊልም አስተምረዋል። ዶክመንተሪ በትኬት ሽያጭ ወጪውን የሚመልሰው አልፎ አልፎ ነው። አንዱ ፊልም ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ ገንዘቡ ከዚህም ከዚያም በእርዳታ ይለቀማል፤ በመሃል የቤት ኪራይ አይጠብቅም። የማስተማር ደመወዝ ያንን ክፍተት ይሞላል። ኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ነው ፊልሞቻቸውን የሠሩት። “ሳንኮፋ”ን የሚያከፋፍል ድርጅት ሲጠፋ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። ስለ ዓድዋ የሠሩትን ዶክመንተሪም ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል።

ስለዚህ እናቲቱን “ዲግሪውን ይጨርስ፣ ካሜራውንም አትቀሙት” አልኳቸው። ሒሳብ የሚያውቅ ፊልም ሠሪ ብርቅ ነው፤ ብዙ ጥሩ ፊልም ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀረው በጀቱን የሚያሰላለት ሰው ጠፍቶ ነው። ማስተማር ካሰበ ደግሞ ዲግሪው ራሱ ያስፈልገዋል።

የአያትየው ጉዳይ ይከብዳል። “የወንዝ ማዕበል” የሚያወራው ስለዚያ ዘመን ተማሪዎች ነው፤ ነገር ግን ከፕሮፌሰሯ ከራሳቸው ቤት ይነሳል። ወንድማቸው የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ጠፋ። የልብ ጓደኛቸው ተገደለች። ሁለቱ የቆሙት በተለያየ ጎራ ነበር፤ እሱ በኢሕአፓ፣ እሷ በመኢሶን። እናንተ አያቶች ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ማዕድ የቆረሱ ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ በጠላትነት ተፈላለጉ። የፕሮፌሰሯ ፊልም ሁለቱንም ያለቅሳል፤ አንዱን ለማመስገን ሌላውን አይረግምም። እንዲህ ያለ ሥራ በየቤታችን ያለውን ፎቶ እንዴት እንደምናወራለት መንገድ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

የአያትየውም ዝምታ ግን ሊከበር ይገባል። በዚያ ዘመን እናት ለልጇ ማቅ መልበስ፣ ድንኳን መጣልና ጮኻ ማልቀስ የተከለከለችበት ቤት ብዙ ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ዝምታ በአንድ ከሰዓት በኋላ “እስቲ ስለ ጋሼ ንገሪኝ” ስለተባለ አይፈታም። ልጁም ክፉ ነገር አላደረገም፤ ቸኮለ እንጂ። ደህና ዶክመንተሪ ሠሪ ካሜራውን ሳይከፍት ደጋግሞ ይመላለሳል፣ ቡና ይጠጣል፣ ሽንኩርት ይልጣል።

ወንድሞቼ ልጆች የእኔን አክስት ሲቀርጹ አይቻለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ። ስለ ሞቱ አትጀምሩ። ልጁ ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን ጨዋታ እንደሚያበዛ፣ ማንን ይመስል እንደነበር ጠይቁ። “አዎ” ወይም “አይደለም” ተብሎ የሚያልቅ ጥያቄ አትጠይቁ። ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳችሁ እጃቸው ላይ አስቀምጡላቸው፤ እጅ ፎቶ ሲይዝ አፍ ይላቀቃል። የመስኮቱ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይረፍ፣ ስልኩ በጋደም ይቁም። ፍሪጁን ንቀሉ፤ ሲቀረጽ የሚሰማው ድምፁ ሌላ ነው። ዝም ሲሉ አትሙሉላቸው፤ አክስቴ ከሁሉ የከበደውን ነገር የተናገረችው እኛ ጨርሳለች ብለን ስናስብ፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ ነበር።

“አጥፋው” ካሉ ይጥፋ፤ ወዲያው፣ እያዩት። የተቀረጸውን ማን እንደሚያየው ራሳቸው ይወስኑ፤ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ የሚባል ነገር ያለ እሳቸው ፈቃድ አይታሰብ። የተፈቀደውን ደግሞ ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት። ስልክ ይሰረቃል፤ ሁለት ቦታ ገልብጡና አንዱን ፍላሽ ከቤቱ ካርታና ከልደት ወረቀቶቹ ጋር፣ ሣጥን ውስጥ አኑሩት።