ራስ የሌላት ሴት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በሲኒማ ቤት ደጃፍ የሚሰቀለውን ሥዕል «ወረቀት ነው፤ ምን ያደርጋል?» እያሉ የሚያልፉ ሰዎች አሉ። ወረቀት መሆኑስ እውነት ነው። ነገር ግን ፊልሙን የሚያየው ገንዘብ ከፍሎ የገባ ሰው ብቻ ሲሆን፣ የደጃፉን ሥዕል ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን ሳይቀር በነጻ ያየዋል። ልጃገረዲቱ ራስዋን በእርሱ ትለካለች፤ ወንዱም እኅቱን የሚያይበትን ዓይን ከዚያ ይለምዳል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. «ፎር ዩር አይስ ኦንሊ» የተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም ወጣ። በታሪኩ ውስጥ ያለችው ሜሊና ወላጆችዋ ተገድለውባት ደማቸውን ለመመለስ ባለ ቃታ ቀስት ያነሣች ልጅ ናት። ደም መመለስ ያስመሰግናል አልልም፤ ሰው መሆንዋን ግን የሚክድ የለም፤ ሐዘን አላት፣ ቁጣ አላት፣ ዓላማ አላት። በማስታወቂያው ላይ ግን ከዳሌ በላይ ያለው አካል የለም። ሁለት ራቁት እግሮች እንደ በር መቃን ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ቀስቱ በጎን ተንጠልጥሏል፤ ቦንድም በመካከላቸው ሽጉጡን ይዞ ይታያል። በሥጋ ቤት ሻኛ ወይም ዳቢት የሚያዝ ደንበኛ የበሬው ፊት ምን ይመስል እንደ ነበረ አይጠይቅም፤ ይህም ሥዕል በዚያው ሥርዓት የተሠራ ነው።

በአሜሪካ ተቃውሞ ተነሣ። «ቦስተን ግሎብ» እና «ሎስ አንጀለስ ታይምስ» የተባሉት ጋዜጦች ከጉልበት በላይ ያለውን ቆርጠው ጣሉት፤ «ፒትስበርግ ፕሬስ» ደግሞ ቁምጣ ሱሪ ሣለበት። (የጋዜጣ ሠዓሊ ልብስ ሰፊ የሆነበት ቀን!) እኔ በዚህ መድኃኒት አልስማማም። አዘጋጆቹ የጎደላት ጨርቅ መሰላቸው፤ የጎደላት ግን ራስ ነበረ። ቁምጣ ሲያለብሱአት ፊት አላገኘችም፤ እነዚያ ሁለቱማ የቀረላትንም ቀነሱባት።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ «ኪንግ አርተር» ለተባለው ፊልም በአሜሪካ በወጣው ማስታወቂያ ላይ የእንግሊዛዊቱ ተዋናይት የኪራ ናይትሊ ጡት በኮምፒዩተር ተለቅ ተደርጎ ታየ። እርስዋም በፊልሙ ቀስት ይዛ የምትዋጋ ናት። ከሁለቱ ቀስተኞች አንዲቱ ራስዋን ተቀማች፤ ሁለተኛይቱ የሌላት ሥጋ ተለጠፈባት። ነጋዴውን ብትጠይቁት «ሕዝቡ የሚፈልገው ይህን ነው» ይላል። በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭቶ የሚቀላቅለውም ሕዝቡ ቀይ በርበሬ ይወዳል ብሎ ሊከራከር ይችላል።

ከመቅደድም፣ ቁምጣ ከማልበስም የሚሻለው ሥዕሉን እንደ ገና መሣል ነው። በ2012 ዓ.ም. ለወጣው «ዘ አቬንጀርስ» በተሠራ ማስታወቂያ ወንዶቹ ጀግኖች ለጦርነት ተዘጋጅተው ሲቆሙ፣ ብላክ ዊዶው የተባለችው ብቻ ወገብዋን ጠምዝዛ ዳሌዋን ወደ ተመልካቹ አዙራለች። አሜሪካዊው ሠዓሊ ኬቨን ቦልክ ወንዶቹን በእርስዋ አቋቋም ሣላቸው። ያየው ሰው ይሥቃል። ለምን ይሥቃል? ጠላት ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው እንዲያ እንደማይቆም ስለሚያውቅ ነው፤ ሴቲቱ ስትቆም ግን ይህን እውቀቱን ረስቶት ነበር። ይህ ሣቅ ብዙ ስብከት ያልሠራውን ይሠራል (ሰባኪዎች ይቅር ይበሉኝ)።

በ2016 ዓ.ም. ማርሻ ቤልስኪ የተባለች አሜሪካዊት ቀልደኛ «ራስ የሌላቸው የሆሊውድ ሴቶች» ብላ እንዲህ ያሉትን ማስታወቂያዎች በኢንተርኔት መሰብሰብ ጀመረች። አንዱን ብቻ ለሚያይ ሰው ምክንያት አይታጣለትም፤ ሲደረደሩ ግን ምክንያቱ ያልቃል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እርሳስና ወረቀት ውድ አይደለም። በሰፈራችሁ የተሰቀለውን ሥዕል አይታችሁ ወንዱን በሴቲቱ ቦታና አቋቋም ሣሉት። የሚያሥቅ ሆኖ ከተገኘም ሥዕሉን ለሲኒማ ቤቱ ባለቤት ወስዳችሁ አሳዩት፤ እርሱም ከሣቀ፣ የደጃፉን ለምን እንደ ሰቀለው በዚያው ጠይቁት።