«የክረምትን ጥቅም ዘርዝሩ»

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሲደርስ የሚያየው ሰፊ ሜዳ ፎገራ ነው። ከብቱ በወተቱ የተመሰገነ፣ ሩዝ ጤፍን ያስናቀበት አገር ነው። ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚወርዱት በዚሁ ነውና ክረምት ሲገባ ሜዳው ይተኛበታል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዞቹ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል።

እኔ ግን የተነሣሁት ስለ ጎርፍ ለመጻፍ ሳይሆን ስለ አንድ ደብተር ነው።

በ2011 ዓ.ም. ከወረታ ብዙም ወደማይርቅ ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ያረፍሁበት ቤት ልጅ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ የአማርኛ ደብተሯን አሳየችኝ። «የክረምትን ጥቅም ዘርዝሩ» ተብለው የጻፉት «ድርሰት» አለበት። «ክረምት ዝናብ የሚዘንብበት ወቅት ነው። ክረምት ብዙ ጥቅሞች አሉት…» ከዐሥር ዐሥር አግኝታበታለች። የጎረቤቷን ልጅ ደብተር ብገልጥ ያው ነው፤ አራት ነጥቡ እንኳ አልተለወጠም።

ማታ እሳት ዳር «እስቲ ያለፈውን ክረምት አጫውቺኝ» ብላት ግን ሌላ ልጅ ሆነች። ሌሊት ውሃው ደጃፉን አልፎ ሲገባ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ እንዴት እንደ ተንጫጩ፣ አባቷ ጥጃዋን በትከሻው ተሸክሞ እንዴት እንደ ወጣ፣ እሷ ደግሞ ደብተሯን በነጠላ ጠቅልላ አናቷ ላይ እንዴት እንዳሰረች ነገረችኝ።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽውም?»

«ጋሼ፣ ይኸማ ድርሰት አይደለም» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ማን አስተማራት? መምህሩን ብቻ አልወቅስም፤ እሱም የተማረው እንዲሁ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ድረስ ልጁ የሚጠየቀው ከ«ሀ» እስከ «መ» ካሉት አንዱን እንዲመርጥ ነው። የራሱን እንዲያመጣ የጠየቀው የለም።

የሚያሳፍረው ደግሞ ፈጠራን ከባዕድ የምንዋሰው አለመሆኑ ነው። እርግጥ ንባብ ቤቱና ዜማ ቤቱ በቃል ማጥናት ይበዛባቸዋል። ቅኔ ቤት ግን ሌላ ነው። ተማሪው ቀኑን በየጥሻው ብቻውን ሲቆጥር ይውልና ማታ መምህሩ ፊት የሚያቀርበው የራሱን ቅኔ ነው፤ የሰው ቅኔ ይዞ ቢመጣ ይነቀፋል። ለምድ ለባሹን የቆሎ ተማሪ «ከራስህ አውጣ» ያለ አገር፣ ዩኒፎርም ለባሹን ሕፃን «ገልብጥ» ይለዋል!

«መጀመሪያ ፊደሉን ያጥሩ» የሚሉ አሉ። ልጅ አፉን የሚፈታው እየተኮላተፈ አይደለም እንዴ? ልጅቱ በ«ሐ» ፋንታ «ሀ» ብትጽፍ ጥጃዋ አትሰጥም። ፊደሉ በሌላ ቀን ይታረማል።

«ተማሪው ብዙ፣ ወረቀቱ ጥቂት ነው» ይባላል። እውነት ነው። ግን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው መጀመሪያ ይተራረቱ፤ ከዚያ አንዳንድ ገጽ ይጻፉ። መምህሩ ሁሉን ማረም የለበትም፤ አምስቱ ጮክ ብለው ቢያነቡ ሌላው ያዳምጣል። ገጾቹ በመርፌና በክር ተሰፍተው ክፍሉ ውስጥ ቢንጠለጠሉ መጽሐፍ ሆኑ ማለት ነው።

«ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ስንቱን ትምህርት ቤት በዘጋበት ክልል ስለ ተረት ታወራለህ?» የሚለኝም አይጠፋም። አዎን፣ አወራለሁ። ልጆቹ ወደ ክፍል ሲመለሱ ያዩትን ይዘው ነው የሚመጡት። ያን ጊዜ ደግሞ «የሰላምን ጥቅም ዘርዝሩ» ልንላቸው ነው?

እኛ ከተሜዎች «አንባቢ ጠፋ፣ ደራሲ ነጠፈ» እያልን በየቡናው ቤት እናማርራለን። የነጠፈው ምንጩ ላይ ነው። ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ፈተናዋን አልፋ ይሆናል። የጥጃዋን ታሪክ ግን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ መጻፍ የነበረባት እሷ ነበረች።